«ታያለች» ያሉኝ ጊዜ

ይህን የምጽፈው ለአንድ ዓይነት ልጅ ነው። ገና አሥራዎቹ ውስጥ ናት። ድንገት አንድ ነገር ይታያታል። ወይም «ይህን ቦታ፣ ይህን ወሬ ድሮ አውቀዋለሁ፤ ቀጥሎ የሚሆነውንም አውቃለሁ» የሚል ስሜት ይወርራታል። ለማንም አልተናገረችም። ግማሽ ልቧ ፈርቷል፤ ግማሹ ደግሞ «ከሰው የተለየሁ ሳልሆን አልቀርም» ይላታል። እናትና አባት፣ መምህራንም ብታነቡት ደስ ይለኛል። ልጆቹ አይነግሯችሁም፤ ምልክቱ ግን ፊታችሁ ላይ ነው።

ያደግኩት ደሴ ነው። ነገሩ የጀመረኝ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። መጀመሪያ ከሆዴ የሆነ ነገር ተነስቶ ወደ ደረቴ ይወጣል፤ መኪና ዳገቱን ጨርሶ ድንገት ቁልቁል ሲል ሆድ ውስጥ ሽው እንደሚለው። ቀጥሎ ሽታ ይመጣል። ያረረ ቡና፤ ያውም ማንም ቡና ሳይቆላ። ከዚያ ያ ስሜት። መምህሩ ገና አፉን ሳይከፍት የሚለውን የማውቀው ይመስለኛል። አጠገቤ ያለችው ልጅ ደብተሯን ስትገልጥ፣ መስኮቱ በነፋስ ሲላተም፣ ሁሉም ነገር «አዎ፣ እንዲህ ነበር» ይሆንብኛል። አንዳንዴ ምስልም አለው። አረንጓዴ የቆርቆሮ በር፣ በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ሰው። አንድ ቀን እንኳ ፊቱን አዙሮ አያውቅም። ከምስሉ ጋር ፍርሃት ይመጣል፤ ምክንያት የሌለው፣ አጥንት ድረስ የሚገባ ፍርሃት። ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ሲያልፍ ድክም ይለኛል፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ መተኛት ያምረኛል።

ለምን እንደደበቅኩት ያገሬ ሰው ይገባዋል። እኛ ሰፈር ለእንዲህ ያለ ነገር ያለው መልስ ሁለት ነው። ወይ ልክፍት ነው፤ ቡዳ፣ ዛር፣ ዓይነ ጥላ። ወይ ጸጋ ነው። ልክፍት ከሆነ ማን ያገባኛል? ጸጋ ከሆነ ደግሞ ካወራሁት ይወሰድብኛል ብዬ ሰጋሁ። ዝም አልኩ።

አያቴ ማታ ማታ ስለ ሌባሻይ ታወራልን ነበር። እሷም ከአባቷ የሰማችው ነው። ድሮ ዕቃ ሲጠፋ ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል። ልጁ ራሱን ይስታል፤ ወገቡን በመቀነት አስረው ይዘውት ከቤት ቤት ይዞራል። ገብቶ የተጋደመበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፤ ዕዳውንም ይከፍላል። በዚህ ስንት ንጹሕ ሰው እንደተዋረደ እግዜር ይወቀው። በኋላ ተከለከለና ቀረ። ሌሎቹ ልጆች ስለ ሌባው ይጠይቁ ነበር። እኔ የማስበው ስለ ልጁ ነበር።

በዓመቱ መስከረም የጎረቤታችን የወርቅ ሀብል ጠፋ። እትዬ ነው የምንላት። የግሸን ማርያምን ንግሥ፣ መስከረም 21ን፣ ልታከብር ሄዳ ነበር። ስትመለስ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሀብሉ የለም። ቤቱ አልተሰበረም። ቁልፍ ያላቸው እሷና ሠራተኛዋ ብቻ ናቸው። ሠራተኛዋ ከገጠር የመጣች፣ የእኔ እኩያ ልጅ ናት፤ አብረን ውኃ እንቀዳ ነበር። የሰፈሩ ዓይን ወዲያው እሷ ላይ አረፈ።

እሁድ ከሰዓት ጎረቤቱ ሁሉ እትዬ ቤት ቡና ላይ ተሰበሰበ። ወሬው ያው ሀብሉ ነው። ልጅቷ የዕጣን ፍም ይዛ ገባች። ያኔ መጣብኝ። ሆዴ፣ ሽታው፣ አረንጓዴው በር። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላስታውስም፤ በኋላ የነገረችኝ እማዬ ናት። ዓይኔ ፈጠጠ። የሆነ ነገር እንደማኝክ ሁሉ ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ። የነጠላዬን ጫፍ እየጎተትኩ እነካካ ጀመር። ስሜን ሲጠሩኝ አልመልስም። ዓይኔ የተተከለው ልጅቷ ላይ ነው። «በሩ… በሩ…» አልኩ ይባላል። ስነቃ ቤቱ ጸጥ ብሏል። የያዝኩት ቡና ግራ እጄ ላይ ፈስሶ ቆዳዬ ተልጧል፤ ሲፈስ አልተሰማኝም። ጠባሳው ዛሬም አለ።

አንዷ ሴትዮ «ልጅቷ ታያለች! ሌባዋን አሳየችን!» አለች። በቃ። እኔ ሳልናገር ምስጢሬ ወጣ። ያን ማታ ሠራተኛዋን ልጅ ጣቢያ አሳደሯት። በማግስቱ ጠዋት ሴቶቹ እኛ ቤት ከች አሉ። «እስኪ ደግሞ እይልን፤ የት ነው የደበቀችው?» አሉኝ። አያቴ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ዝም ብላ ታየኛለች። ምን እያሰበች እንደነበር ለእኔ ግልጽ ነበር፤ ጎትታ የምታመጣው ያንን የሌባሻይ ልጅ ነው።

ከዚያ ቀን የማልረሳው የራሴን ስሜት ነው። «እሷ ትሆን ይሆናል» ብዬ አልነበረም የማስበው። እርግጠኛ ነበርኩ። ምንም ሳላይ፣ ምንም ሳላውቅ፣ ከሥር ከመሠረቱ እርግጠኛ። እርግጠኝነት ራሱ የሕመም ምልክት ሊሆን እንደሚችል ያኔ ማን ይነግረኛል? ለእናንተ ግን እየነገርኳችሁ ነው። ድንገት የሚመጣ፣ ማስረጃ የሌለው፣ ከሆድ የሚነሳ «አውቃለሁ» ሲሰማችሁ በእሱ ሰው ላይ አትፍረዱ። ሌላው ቢገፋችሁም «አላውቅም» በሉ። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ከጥበብ ሳይሆን ከፍርሃት።

የደረሰልኝ አጎቴ ነው። የኬሚስትሪ መምህር ነው። ሰው አያስቀይምም፤ ግን ዝም ብሎም አያምንም። ሴቶቹን «ልጅቷ አሟታል፤ ትተኛ» ብሎ ሸኛቸውና አንድ ደብተር ሰጠኝ። «የሚታይሽን ጻፊ። ግን ከመሆኑ በፊት ጻፊ። ሆኖ ካለቀማ ሁሉም ነቢይ ነው» አለኝ።

የእኔን ሕይወት የቀየረው ያ ደብተር ነው። ስሜቱ በመጣ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሽታውን፣ ከዚያ በፊት ምን ስሠራ እንደነበር እጽፋለሁ። «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» የሚል መስመርም ነበረው። እዚህ ጋ ነው ጉዱ። እስክሪብቶ ይዤ ስሜቱን ስጠብቀው «አውቃለሁ» የሚለው ነገር ይመጣል፤ ምን እንደማውቅ ልጽፍ ስል ግን ባዶ ነው። ቃል የለውም። መስመሩ ገጽ በገጽ ባዶውን ቀረ። ትንቢቱ ትንቢት የሚመስለኝ ነገሩ ሆኖ ካለፈ በኋላ ብቻ ነበር። በሩም ያው በር፣ ሰውዬውም ያው ሰውዬ ነው። ሀብል ቢጠፋም ባይጠፋም፣ ሒሳብ ክፍለ ጊዜም ላይ፣ ቤተ ክርስቲያንም ውስጥ።

ደብተሩ ሌላም ነገር አሳየ። ለፈተና ሳልተኛ ባደርኩ ማግስት ይበዛል። የወር አበባዬ ሊመጣ ሲል ይበዛል። ይህን ለሐኪም የሚናገር ሰው ጥቂት ነው። ለሐኪሙ ግን ከወርቅ ይበልጥበታል።

ወርቅ ካልኩ ሀብሉን ልጨርስ። ኅዳር ላይ እትዬ ጤፍ ልታስፈጭ ጆንያውን ስታራግፍ ከሥሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ ወጣ። ግሸን ልትሄድ ስትል ሌባ ፈርታ ቁም ሳጥኑን አላምን ብላ ራሷ ቀይራው ኖሯል። ልጅቷ ግን ያን ጊዜ አገሯ ተመልሳለች። እትዬ ይቅርታ ልካባታለች መሰለኝ። አልተመለሰችም።

ለእኔ የሰፈሩ ዝና በአንድ ቀን ወደቀ። እፎይ አልኩ። ሕመሙ ግን አልሄደም። እማዬ ክሊኒክ ወሰደችኝ። «ከሆዴ ይነሳና ወደ ላይ ይወጣል» ስል ጨጓራ ነው ተባለና መድኃኒት ተሰጠኝ። አልፈርድባቸውም፤ የነገርኳቸው ሆዴን ብቻ ነው። ሽታውን፣ በሩን፣ ዓይኔ ሲፈጥ የሚያዩትን አልነገርናቸውም። ቀጥሎ ጸበል ተጠመቅኩ። የእስላም ጎረቤቶቻችንም ወዳጃ ላይ ዱዓ አስደረጉልኝ። ወሎ ነውና ማንም ከማንም አልቀረም።

ከዚያ አሥረኛ ክፍል፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ባንዲራ ሲወጣ ወደቅኩ። የመጀመሪያው ትልቁ መንቀጥቀጥ ነው። አንዱ ልጅ ክብሪት ለኩሶ በአፍንጫዬ አስጠጋ። ሌላው ቁልፍ እጄ ላይ ጨበጠልኝ። አንድ መምህር ማንኪያ ጥርሴ መሐል ሊያስገባ ሲታገል ጥርሴን ሸረፈው። ብዙዎቹ ደግሞ አረፋው እንዳይነካቸው ሸሹ። ሁሉም ሊረዱኝ ነው የፈለጉት። ማንም አላስተማራቸውም።

ከዚያ በኋላ ሆስፒታል ሄድን። ያየችን የአእምሮ ጤና ነርስ ናት። አገራችን ውስጥ የሚጥል በሽታን ብዙ ጊዜ የሚያክሙት እነሱ ናቸው። «አማኑኤል ሊወስዷት ነው» መባልን ፈርቶ የሚቀር ስንቱ ነው። አትፍሩ። ደብተሩን ሰጠኋት። ቁጭ ብላ አነበበችው። ከዚያ እማዬን «ሕፃን ሳለች ትኩሳት አንቀጥቅጧት ያውቃል?» ብላ ጠየቀቻት። እማዬ ደነገጠች። አዎ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ በትኩሳት ረጅም ሰዓት ተንቀጥቅጬ ነበር። «ልክፍት» ብለው ነው ያለፉት። እኔ አላውቅም ነበር።

ነርሷ ያብራራችልን እንዲህ ነው። የሚጥል በሽታ ስንል የምናውቀው ወድቆ መንፈራገጡን ብቻ ነው። ግን አንጎል ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚነሳም አለ። በጆሮ በኩል ያለው የአንጎል ክፍል ትዝታን፣ ሽታን፣ ፍርሃትን ይይዛል። እዚያ ላይ የነርቭ ሴሎች ያለ ቅጥ አንድ ላይ ሲተኩሱ አዲሱ ነገር የቆየ ይመስላል፤ የሌለ ሽታ ይሸታል፤ ምክንያት የሌለው ፍርሃት ይመጣል። ከተስፋፋ ሰውየው ይፈዛል፣ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ልብሱን ይነካካል፣ በኋላም አያስታውሰውም። ወደ መላው አንጎል ከደረሰ ደግሞ ይጥላል። ሰልፉ ላይ የሆነው ይህ ነው። ትኩሳቱ ልጅነቴ ላይ ያን ቦታ ሳይጎዳው አልቀረም አለችን።

በኋላ ሳነብ ብቻዬን እንዳልሆንኩ አየሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ይሠራ የነበረው ሐኪም ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰን ይህንኑ የሕልም ዓለም የመሰለ ሁኔታ ከሕመምተኞቹ ሰምቶ ጽፎታል። ካናዳ ሞንትሪያል ላይ የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ዋይልደር ፔንፊልድ ነቅተው ያሉ ሕመምተኞችን ሲቀድ ያን የአንጎል ክፍል በቀላል ኤሌክትሪክ ሲነካው አንዳንዶቹ ያልነበረ ድምፅ ሰሙ፤ የድሮ ትዝታ ፊታቸው ላይ መጣ። ስለዚህ በሩም ሰውዬውም ከእኔው አንጎል ነበር የሚወጡት። መጀመሪያ ይህን ስሰማ ከፋኝ ብል ታምኑኛላችሁ? ጸጋዬን የቀሙኝ ነበር የመሰለኝ። ልጃችሁ ምርመራውን ሰምቶ ቢያለቅስ፣ ከበሽታው ሌላ ያንንም እያጣ ሊሆን ይችላልና ታገሡት።

አዲስ አበባ ልከውኝ ኢኢጂ ተነሳሁ። ጭንቅላት ላይ ሽቦ ይለጥፋሉ፤ ምንም አያምም፤ ኤሌክትሪክ ወደ እናንተ አይልክም፣ የእናንተን ይመዘግባል እንጂ። ውጤቱ ደህና ቢሆን እንኳ በሽታው የለም ማለት አይደለም። ሐኪሙ በዋናነት የሚፈርደው በታሪኩ ነው። ስለዚህ ልጁ ሲፈዝ ያየው ሰው አብሮ ይሂድ። ዛሬ ስልክ በየቤቱ አለ፤ ሲመጣበት ቪዲዮ ቅረጹና ለሐኪሙ አሳዩ። ለሐኪሙ ብቻ፣ ለቲክቶክ አይደለም።

ካርባማዜፒን ታዘዘልኝ። ሌሎች ርካሹንና በየጤና ጣቢያው የሚገኘውን ፊኖባርቢታል ይወስዳሉ። መጀመሪያ አካባቢ ያፈዝዛል። ካርባማዜፒን ስትጀምሩ ሰውነታችሁ ላይ ሽፍታ ከወጣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ሂዱ። እኔን ተስማማኝ። በሩ በየሳምንቱ ከመምጣት በወር አንዴ ሆነ። ከዚያ ጭራሽ ጠፋ።

ታዲያ ሲሻለኝ ምን ሆነ? አንድ የጸበል ቦታ የነበሩ ሰዎች «ከጸበል ጋር ክኒን አይሄድም» አሉን። እማዬም ደስ አላት፤ ድናለች ብላ። መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ ተቋረጠ። ሳምንት ሳይሞላ መንቀጥቀጡ መጣና አልቆምም አለ። አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይቀጥላል። በመኪና ሆስፒታል እስክንደርስ እማዬ ያየችውን ለጠላቴም አልመኝም። መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ሊገድል ይችላል። ሐኪም እንኳ የሚያቆመው ቢያንስ ሁለት ዓመት ያህል ምንም ሳይታይ ከቆየ በኋላ፣ ያውም ቀስ በቀስ ነው። ጸበሉን አትተዉ፤ እኔም አልተውኩም። የኤችአይቪ መድኃኒት ጊዜ አቡነ ጳውሎስ ጸበልም መድኃኒትም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር። የነፍስ አባታችሁን አስረዱ፤ አብዛኞቹ ይረዷችኋል። ጾም ላይም ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር አስተካክሉ እንጂ አትዝለሉ። እኔን ግን ከጾሙ ይልቅ የሚከብደኝ ማኅሌት ማደር ነው፤ እንቅልፍ ማጣት በሽታውን ይቀሰቅሰዋል። ለፈተና ብሎ ጫት ቅሞ ማደርም ያው ነው።

ሰው ሲወድቅ ስታዩ ክብሪቱን ተዉት። አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ። ይዛችሁ አታስቁሙት። ከእሳትና ከድንጋይ አርቁት፣ ራሱ ሥር ጋቢም ሹራብም አድርጉ፣ ሲረጋጋ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት እዩ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ሐኪም ቤት ውሰዱት። አረፋው አይተላለፍም። በፍዝዝ የሚጀምረው ላይ ደግሞ አትጩኹበት፣ አትያዙት፤ አጠገቡ ሁናችሁ ከምድጃው ዘወር አድርጉት። ቤታችን ውስጥ ከዚያ ወዲህ ብቻዬን እሳት ላይ አልቆምም ነበር፤ ሻወር ስገባም አልቀረቅርም።

ቁጥር ለሚወድ ሰው ልንገረው። ከ1000 ሰው ወደ 5 የሚጠጋው ይህ በሽታ እንዳለበት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ከዓመታት በፊት ቡታጅራ አካባቢ ባደረጉት ጥናት አግኝተዋል። ትልቅ ትምህርት ቤት ውስጥ ስንት ልጅ እንደሚሆን አስሉት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ከታከሙ 70 በመቶ ያህሉ ያለ ምንም መውደቅ መኖር ይችላሉ።

አሁን ደግሞ አንቺ፣ መጀመሪያ ላይ የጠራሁሽ። «ይህን ድሮ አይቼዋለሁ» የሚል ስሜት አንዳንዴ ለጤነኛም ይመጣል፤ ብቻውን በሽታ አይደለም። ሌሊት ዱካክ ተጭኖሽ ጥላ ብታዪም ያ ሌላ ነገር ነው። የሚያሳስበው ደጋግሞ፣ በአንድ ዓይነት መልክ፣ ከሆድ እየተነሳ ወይም ከሽታና ከፍርሃት ጋር ሲመጣ፣ በመሐሉ ደቂቃዎች ሲጠፉብሽ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያወራሽ ድምፅ ካለ ደግሞ ሌላ ሕክምና አለው፤ እሱንም ተናገሪ። ደብተር ያዢ። ከዚያ አንድ ሰው ምረጪ። እናት ካስፈራችሽ አክስት፣ አጎት፣ መምህርት። «ራእይ አያለሁ» ብለሽ አትጀምሪ፤ ይደነግጣሉ። «አንዳንዴ እፈዝዛለሁ፣ ሆዴ ይረበሻል፣ የሌለ ሽታ ይሸተኛል፤ ሐኪም ይየኝ» በይ። የሚታይሽን በኋላ ትነግሪያቸዋለሽ።

ትዳርን በተመለከተ ብዙ ልጆች በስውር ይጠይቁኛል። እኔ ሊያገባኝ ለፈለገው ሰው ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ነገርኩት። ፈዝዤ ብታየኝ ምን እንደምታደርግ ብዬ አሳየሁት። የእሱ እናት «ልጆቹስ ይወርሱታል?» አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሐኪሙ ጋ አብረን ሄድንና ይህ በሽታ ያለባቸው ወላጆች ልጆች አብዛኞቹ እንደማይያዙ ከእሱ አፍ ሰሙ። ካርባማዜፒንም ፊኖባርቢታልም የወሊድ መከላከያ ክኒንን ያዳክማሉ፤ ሌላ ዓይነት ጠይቁ። ለማርገዝ ስታስቡ ቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ፤ ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚን ያዝዝላችኋል። ካረገዛችሁ በኋላ ደንግጣችሁ መድኃኒቱን አታቋርጡ። ለሴት ልጃችሁ ቫልፕሮኤት የሚባለው የዚህ በሽታ መድኃኒት ከታዘዘ ግን ፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ሊያመጣ ስለሚችል ሌላ አማራጭ እንዳለ እዚያው ሐኪሙ ፊት ጠይቁ። ስታድግ እንጠይቃለን ብላችሁ አታሳድሩት።